«ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ?» የጡት እብጠትን በተመለከተ ከአንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች

ውድ አንባቢዎች፣ እንደምን ከረማችሁ? ስለ ጡት ካንሰር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና፣ ከዚሁ ከደብረ ብርሃንም ደብዳቤ ደርሶኛል። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ነርስ ነኝ። መጀመሪያ መንዝ ውስጥ ጤና ጣቢያ፣ ኋላ ደብረ ብርሃን በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ በደብዳቤ በሽታ አልለይም። የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ የት መሄድ እንዳለባችሁም እጠቁማለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ነገር እሱ ውስጥ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው የምሠራው። የምጽፍልዎት ስለ ታላቅ እህቴ ነው። መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ትኖራለች። ዕድሜዋ 38 ነው፣ አራት ልጆች አሏት። ለፋሲካ ስሄድ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ ነገረችኝ። በመስቀል ሰሞን የባቄላ ፍሬ ታክል ነበር አለች። አሁን እኔ ስነካው ሎሚ ያክላል። ‹አያመኝም እኮ፣ ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ?› ትለኛለች። ባሏ ጻድቃኔ ማርያም ወስዶ አስጠምቋታል። ጎረቤቶቿ ደግሞ ‹ብረት ከነካው ይሰራጫል፣ ሆስፒታል እንዳትሄጂ› ብለዋታል። እሷም አዝመራው ይግባና አያለሁ እያለች ነው። ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ እህትሽ መሄድ ያለባት አዝመራው ሲገባ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ነው። ካንሰር ነው ማለቴ አይደለም። እጅ ያልነካውን፣ ናሙና ያልተወሰደለትን እብጠት ነውም አይደለምም ማለት አይቻልም። ደግሞ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ውሃ የቋጠረ ሊሆን ይችላል፣ ጉዳት የሌለው እጢም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በ38 ዓመት ሴት ላይ ከመስቀል እስከ ፋሲካ ይህን ያህል ያደገ፣ የማያም እብጠት እቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሴትየዋ ገላዋን ስትታጠብ ወይ ልጅ ስታጠባ በእጇ ታገኘዋለች። ጠጠር ይላል። ጠርዙ የተስተካከለ አይደለም። ሲገፉት እንደ ልብ አይንሸራተትም። ትኩሳት የለውም፣ እንቅልፍ አይነሳም፣ ሥራ አያስፈታም። እኛ ጋ ደግሞ ሥራ ያላስፈታ ነገር በሽታ አይባልም። እንጀራው ይጋገራል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ላሚቱ ትታለባለች። ቀኑም እንዲሁ ይሄዳል። ማመም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ቆዳውን ሲያቆስል፣ ወይ አልፎ አጥንት ውስጥ ሲገባ ነው።

መንዝ ስሠራ ያየኋት አንዲት እናት ከዓይኔ አትጠፋም። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ ገባች። ነጠላውን ስፈታው ከሥሩ ቅጠል ተለጥፏል። በሞቀ የጨው ውሃ እያራስኩ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ጡቷ ቆስሎ ተቦርቡሯል። ብብቷ ሥር ያሉት እጢዎች አብጠው ተያይዘዋል። መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት ሁለት ክረምት አልፎታል አለችኝ። «ታዲያ እስካሁን?» ስላት «እንዴ! አያመኝም ነበር እኮ። ሲያመኝ ይኸው መጣሁ» አለች። ከእሷ በኋላ የመጡ ብዙ ሴቶችም ይህንኑ ነግረውኛል። እባክሽ ለእህትሽ ንገሪያት፤ የሚያስቸኩለው የማያመው ነው።

ቁጥር አላበዛብሽም። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፣ 670 ሺህ ሞተዋል። ይህን የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች በብዛት አንደኛው ይኸው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ግምት መሠረት በዚያ ዓመት በአገራችን ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ታመዋል፣ 9 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በጣም ባደጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በዕድሜዋ አንድ ቀን ይህ በሽታ ይገኝባታል፤ የሚሞቱት ግን ከ71 አንዷ ናቸው። በድሆቹ አገሮች የሚገኝባት ከ27 አንዷ ላይ ነው፤ የምትሞተው ግን ከ48 አንዷ ናት። አየሽ? እነሱ ጋ ብዙ ሴት ይይዛል፣ ጥቂት ይገድላል። እኛ ጋ ጥቂት ይይዛል፣ ብዙ ይገድላል። ዘግይተን ስለምንደርስ ነው። ከደረስን በኋላም ምርመራው፣ ወረፋው፣ መድኃኒቱ ስለሚጓተት ነው። ደግሞም የእኛ ሴቶች የሚያዙት በወጣትነታቸው ነው። በአዲስ አበባ በሚታከሙት ላይ የተደረጉ ጥናቶች መካከለኛ ዕድሜያቸው 40ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ መሆኑን ያሳያሉ። ልጅ አዝለው፣ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ናቸው። ስለዚህ «ገና ወጣት ናት» ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን ወደ ጎረቤቶቿ ወሬ ልምጣ። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሰው አይቶ ነው የሚለው። አንዲት ሴት በሽታው ሳንባዋና ጉበቷ ጋ ከደረሰ በኋላ ትሄዳለች። ኦፕራሲዮን ትሆናለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ትሞታለች። መንደሩ ያየው ቢላውን ነው፤ ከቢላው በፊት የነበረውን ዓመት ማንም አልቆጠረም። የተሰራጨው ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ነው።

ናሙና ሲወሰድ ምን እንደሚደረግ ለእህትሽ በዝርዝር ንገሪያት። የሚያስፈራው ያልታወቀ ነገር ነውና። አልጋ ላይ ትተኛለች። ቦታው በአልኮል ይጠረጋል። ሐኪሙ እብጠቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ቀጭን መርፌ ያስገባል። መርፌው ደም ከሚቀዳበት አይበልጥም። ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ጥቂት ይመጥጣል። የወጣችውን ጠብታ ስስ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ይቀባታል። ብርጭቆው ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ ሄዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሁሉም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ትንሽ ይቆጠቁጣታል፣ ቀን ቆይቶ ሊሰነብር ይችላል፣ በቃ። አንዳንዴ ወፈር ያለ መርፌ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ቦታውን ያደነዝዙላታል። ይህ ምርመራ ካንሰርን አያሰራጭም።

ጠበሉን በተመለከተ እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፤ ጻድቃኔም ሸንኮራ ዮሐንስም ተጠምቄያለሁ። ጠበሉን ትቀጥል። ማንም ተዪው አይበላት። ግን ጠበሉ ሐኪም ቤት አትሂጂ አላለም። ብዙ አባቶች ራሳቸው መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ ይላሉ። አንድ ነገር ልምከርሽ። ባሏን አንቺ ከምትከራከሪው የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ። «ልጄ፣ ውሰዳት» ብለው እሳቸው አንዴ ቢናገሩት ያንቺን አሥር ይበልጣል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሐኪም ያላሳመነውን ባል ቄስ ሲያሳምነው አይቻለሁ። እብጠቱን መተኮስና ቅጠል መለጠፍ ግን አይሁን። ቆዳው ከቆሰለ ሕክምናውን ያከብደዋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ። የጤና መድን አባል ከሆነች ደብተሩን ይዛ፣ የዘንድሮው መታደሱን አይታ። እዚያ መርምረው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉላታል። ሪፈሩን ሳትይዝ በቀጥታ ብትሄድ መድኑ ላይሸፍንላት ይችላል። የሪፈሩን ወረቀት ኮፒ አድርጋ አንዱን እቤት ትተወው፤ ወረቀት ጠፍቶ ወር የሚያልፍባቸው ሰዎች አሉ። ሆስፒታል ስትደርስ አልትራሳውንድና ናሙና ያዙላታል። ከ40 ዓመት በታች ላለች ሴት ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከማሞግራፊ (ከጡት ራጅ) ይልቅ አልትራሳውንድ ይሻላል፤ ማሞግራፊ የለም ብላችሁ አትመለሱ። «ቁርጥማት ነው» ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ከሸኟት ደግሞ አትቀበሉ። «ናሙና ይወሰድልኝ» የማለት መብት አላት። አጠገቧ ሆነሽ አንቺ በይላት። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ ሴትየዋ ሐኪም ዘንድ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲጠናቀቅ ነው። መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ይህ ለመንዝ ሴት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ክፍት በሆነበት ቀን ውጡ የምለው።

ካንሰር ሆኖ ቢገኝስ? ሕክምና አለው። እንደ ደረጃው ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ የሚባለው ካንሰሩን የሚገድል መድኃኒት፣ ጨረርና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይሰጣል። ኬሞው ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሲያበቃ ተመልሶ ይበቅላል። እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተገኘ፣ ጨረር ካለ፣ ጡቷ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣም ሊታከም ይችላል፤ የመዳን ዕድሉ ሙሉ በሙሉ ከሚወጣበት አያንስም። ጨረር ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል፣ ወረፋው ግን አሁንም ረጅም ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ከሌላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ስላለው እዚያ ጠይቁ።

አዝመራውን ባሏና ጎረቤቱ በደቦ ያስገቡት። ልጆቹን የባሏ እህት ታቆይላት። ይህንን ከመሄዷ በፊት አንቺ አመቻችላት፤ ሴት ልጅ ከቤቷ የማትወጣው ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚይዝላት ስለምታጣ ነው። አንቺም ብትሆኚ ተመርመሪ። እናት ወይ እህት በወጣትነቷ የጡት ካንሰር ከያዛት የሌሎቹ ስጋት ከፍ ይላል። የእህትሽ ውጤት ካንሰር ከሆነ ለሐኪሙ ሌሎች እህቶች እንዳሏት ንገሩት።

«20 ዓመቴ ነው፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ሁለቱም ጡቶቼ ያብጣሉ፣ ያሙኛል። በግራው ደግሞ ስነካት የምትሸሽ ትንሽ ኳስ ነገር አለች። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እንቅልፍሽን ተኚ ልጄ። ከወር አበባ በፊት የሚመጣው፣ ሁለቱንም የሚያመው፣ ደም ሲፈስ የሚለቅሽ ሕመም ከሆርሞን ነው። ሕመም ብቻውን የካንሰር ምልክት የሚሆነው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ልበሺ፣ ሲብስብሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ። የምትሸሸዋ ኳስ በአንቺ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል ጉዳት የሌለው እጢ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ስላልኩ ግን አትተዪያት። የወር አበባሽ ካበቃ በኋላ፣ ጡትሽ ሲለሰልስ፣ ግቢ ካለው ክሊኒክ ሄደሽ አሳዪና አልትራሳውንድ ይታዘዝልሽ።

«የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። ባለቤቴ አምና አዲስ አበባ ጡቷ ወጥቶ ኬሞም ጨርሳለች። አሁን ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ለ5 ዓመት ዋጪ ተብላለች። ላቧ በላይ በላዩ ይመጣል፣ ሌሊት አትተኛም። ‹ድኛለሁ፣ ምን ያደርግልኛል› ብላ ልታቆም ነው። ደግሞ ለመጠየቅ አፍራለሁ፤ አብረን ብንተኛ ይተላለፋል የሚሉ አሉ።»

ወንድሜ፣ ስለጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ልጀምር። ካንሰር በግንኙነት፣ በመሳም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በፍጹም። አልጋ ለይተው ከሆነ ዛሬ ይመለሱ። ጡቷ የወጣባት ሴት የምትፈራው ትልቁ ነገር ባሏ እንዳይጸየፋት ነው። ጠባሳውን እንደማይፈሩት በአፍዎ ይንገሯት፣ ዝም ብለው አይጠብቁ።

ክኒኑን ታቁም ማለት ግን አልችልም። ታሞክሲፈን የሚታዘዘው ካንሰሩ የሴት ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ ዓይነት ሲሆን ነው። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ዓይነት እንዳላቸው ያሳያሉ። ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ክኒኑ ከብዙው የካንሰር መድኃኒት ርካሽ ነውና፣ በአፍም ይወሰዳል። 5 ዓመት ሙሉ የወሰዱት ሴቶች ከጀመሩበት አንስቶ ባሉት 15 ዓመታት ውስጥ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የባለቤትዎ የሚታየው ካንሰር ወጥቷል፤ ክኒኑ የሚዋጠው ዓይን የማያየው ተርፎ እንዳይነሳ ነው።

ላቡ ከመድኃኒቱ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲጨመርበት እንዴት እንደሚያስመርር ይገባኛል። ክኒኑን በቀን የፈለገችው ሰዓት፣ ግን ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ትውሰደው። የምትጾም ከሆነ ሁልጊዜ ማታ ብታደርገው ምንም አይልም። ሌሊት ስስ የጥጥ ልብስ ትልበስ። ማታ ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥና ትኩስ ቡና ለአንድ ሁለት ሳምንት ቀነስ አድርጋ ትየው። ለብዙዎች ከወራት በኋላ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሐኪሟ የሚያግዝ ነገር አለው፤ ራሷ ከምታቆመው ትንገረው።

አራት ነገር ግን ይወቁ። ክኒኑን እየወሰደች ማርገዝ የለባትም፤ ለመከላከያም ዲፖ፣ ኪኒንና ክንድ ላይ የሚቀበረው አይሆኗትም። ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይ ኮንዶም ይጠቀሙ። አንድ እግሯ በድንገት ካበጠና ካመማት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ካየችም እንዲሁ። በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለው ክንዷ ካበጠ ደግሞ ያሳዩት፤ ጄሪካኑን ለጊዜው እርስዎና ልጆቹ ያዙላት።

«51 ዓመቴ ነው፣ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። አረቄ አውጥቼ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሲስተር፣ ይህ በሽታ እንዳይዘኝ ምን ላድርግ? ጡት መያዣ ያመጣዋል ይባላል፣ ስልክ ደረት ውስጥ መያዝም ይባላል። አረቄውስ?»

እትዬ፣ ጡት መያዣና ስልክ የጡት ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነገር የለም። ስልኩን ከፈለጉ ኪስዎ ይክተቱት፣ ከገንዘብዎ ጋር እንዳይሰረቅ።

አረቄውን ማውጣት ሳይሆን መጠጣቱ ነው ችግሩ። አልኮል የጡት ካንሰርን ዕድል እንደሚጨምር በደንብ የታወቀ ነው፤ ከትንሽ መጠን ይጀምራል፣ በበዛ ቁጥር ይጨምራል። ጠላም ቢራም አረቄም ያው አልኮል ነው። እርስዎ ስታወጡ ጥንካሬውን ለማየት የሚቀምሱት፣ ደንበኛ ሲጋብዝ አብረው የሚሉት፣ ለብርዱ ተብሎ ጠዋት የምትወሰደው መለኪያ ሲደመር ብዙ ነው። እኔ በድፍረት ተዉት ነው የምለው።

ልጆችዎን አጥብተው ከሆነ ያ ጠቅሞዎታል። በ30 አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲታተሙ፣ አንዲት ሴት በጠቅላላው ያጠባችበት እያንዳንዱ 12 ወር ስጋቷን በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ተገኝቷል። የእኛ እናቶች አራት አምስት ልጅ፣ እያንዳንዱን ሁለት ዓመት ያጠቡ ነበር። ከተማ ላይ ይህ እየቀረ ነው፤ በዱቄት ወተት አትለውጡት ብዬ ለወጣቶቹ ሁሌ እናገራለሁ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ውፍረት ስጋት ይጨምራል። ስለዚህ ገበያ በእግር መሄድዎን አይተዉ፣ ባጃጅ ለሸክም ይሁን።

እውነቱን ልንገርዎት ግን። በሽታው ከሚገኝባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከመግፋቱ በቀር ሌላ የታወቀ ምክንያት የላቸውም። ያልጠጣች፣ ያልወፈረች፣ ስድስት ልጅ ያጠባችም ትታመማለች። «ምን በድዬ ነው?» ብለው የሚያለቅሱ ሴቶችን አይቻለሁ። ምንም አልበደሉም። በእርስዎ ዕድሜ ዋናው ነገር በዓመት አንዴ ጡትዎን ለባለሙያ ማሳየት ነው። ማሞግራፊ ማግኘት ከቻሉ ከ50 ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ቢነሱ ይጠቅማል። ካልቻሉም በእጅ የሚደረገው ምርመራ ከምንም ይሻላል፣ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

«አንኮበር ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ሴቶቹን ስለ ጡት ካንሰር ማስተማር እፈልጋለሁ። በየወሩ ራሳችሁን መርምሩ ልበላቸው? እኛስ መመርመር እንችላለን?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ነው የተደሰትኩት። ሁለት ጥናት ልንገርሽ። በቻይና ሻንጋይ 266 ሺህ ያህል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶችን ይዘው ግማሾቹን ራሳቸውን በየወሩ እንዲመረምሩ አሠለጠኗቸው። ከ10 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። የሞቱት ቁጥር ከሌሎቹ አላነሰም፤ ጉዳት ለሌለው እጢ ናሙና የተወሰደባቸው ግን በዙ። በሕንድ ሙምባይ ደግሞ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ተደረገ። እንዳንቺ ያሉ፣ ሐኪም ያልሆኑ፣ የሠለጠኑ ሴቶች የግማሾቹን ጡት በየሁለት ዓመቱ አራት ጊዜ በእጃቸው መረመሩ፤ ሁሉንም 20 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ካንሰሩ ቀደም ብሎ መገኘት ጀመረ። በጥቅሉ የሞት ቅነሳው እርግጠኛ የሚያሰኝ ባይሆንም፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ መልሴ አዎ ነው፤ ጤና ጣቢያችሁ ሥልጠና እንዲያዘጋጅላችሁ ግፊት አድርጊ።

ሴቶቹን በወር በወር ብለሽ አታስጨንቂያቸው። ጡታቸው እንዴት እንደሆነ ይወቁት፣ ሲለወጥ ይንገሩሽ። አዲስ እብጠት በጡትም በብብትም። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት። ካንዱ ጫፍ ብቻ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ። ቆዳው መሰርጎድ ወይ የብርቱካን ልጣጭ መምሰል። የማይድን ቁስል። ይህን በቡና ላይ፣ በማኅበር ቀን፣ ልጅ ለማስከተብ ሲመጡ ንገሪያቸው። ወንዶቹም ይስሙ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚ አንዱ ወይ ከዚያ ያነሰው ወንድ ነው፤ ከዚያም በላይ በቅሎ የሚጭነው፣ የመኪና የሚከፍለው ባል ነው።

ስትመረምሪ መጀመሪያ እጅሽን አሙቂ። የአንኮበር ብርድ ላይ ቀዝቃዛ እጅ ሴቷን ያሸማቅቃታል፣ ጡንቻዋ ይጠነክራል፣ የምትፈልጊውን አታገኚም። በር ዝጊ። ቁጭ እንዳለች እጇን ወደ ላይ አንስታ እያት፤ የተሰረጎደ ቆዳ ያን ጊዜ ነው የሚታየው። ከዚያ አስተኝተሽ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶችሽ፣ በጫፋቸው ሳይሆን በለስላሳው የውስጥ በኩል፣ ከአንገቷ ሥር በፊት በኩል ካለው አጥንት እስከ ጡቷ ሥር፣ ከደረቷ መሐል እስከ ብብቷ ድረስ ቦታ ሳትዘልዪ ዳብሺ። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ፣ ቀጥሎ ጠበቅ አድርገሽ። ያገኘሽውን የትኛው ጡት፣ የቱ ጋ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ብለሽ ጻፊ። ሪፈር የጻፍሽላት መድረሷንም ጠይቂ። ካልሄደች እቤቷ ሂጂ።

«ደብረ ሲና ነኝ፣ የ5 ወር ልጅ አጠባለሁ። አንዱ ጡቴ ቀልቶ ጠጠረ፣ ትኩሳት አለኝ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሽታልኛለች።»

ይህ የጡት መቆጣት፣ ማስታይቲስ የሚባለው ይመስላል። በምታጠባ ሴት የተለመደ ነው፣ ካንሰር አይደለም ብዬ እገምታለሁ። ግን ትኩሳት ካለሽ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግሽ ይችላል። በታመመው ጡትም አጥቢ፣ ልጅሽን አይጎዳውም፤ ወተቱ ሳይወጣ ከተጠራቀመ ይብስብሻል። ካላጠባሽ አልበሽ አውጪው። መድኃኒቱን ጨርሰሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ መቅላቱ ካልለቀቀ ወይ ጠጠር ያለ ነገር ከቀረ፣ ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ቢሰጡሽ እንኳ አልትራሳውንድ ይታዘዝልሽ። የሚያጠባ ጡትም ካንሰር ሊይዘው ይችላል፣ በወተቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ልጁን ትይዝልሻለች።